ቶፊ ታማርጣለች ወይስ ጠግባለች?

የጠያቂዋ ደብዳቤ ባጭሩ፦

«የምንኖረው ዌልስ ውስጥ ነው። የ11 ዓመት ልጄ የምትጋልባት ቶፊ የምትባል ፖኒ፣ ማለትም ትንሽ ዝርያ ፈረስ፣ አለችን። የባለቤቷ ልጆች አድገው ስለተዉዋት በውሰት ነው የያዝናት። የዌልሽ ተራራ ፖኒ ናት፤ 14 ዓመቷ ነው። ሐኪሟ ኪሎ በሚያሳይ ሜትር ለክቶ ‹290 ኪሎ ናት፤ ወደ 250 ካልወረደች እግሯ ይታመማል› አለን። ካሎሪው ዝቅተኛ ነው የተባለ የተከተፈ ድርቆሽ ገዛሁላት። መጀመሪያ ሰሞን ትቀማምስ ነበር። ማቅጠኛ የተባለ ዱቄት ከጨመርኩበት ወዲህ ግን አሽታ ፊቷን ታዞራለች። ሞላሰስ (ወፍራሙን የስኳር ተረፈ ምርት) ካላፈሰስኩበት ወይም ፖም ካልቆረጥኩበት ባልዲውን በእግሯ ትደፋዋለች። ባለቤቴ ‹ፈረስ ሲወፍር ነው የሚያምረው፣ ተያት› ይላል። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ‹እንስሳ አይራብም› እያለች በየቀኑ ዳቦ ይዛላት ትሄዳለች። ልጄ ታለቅሳለች። ግራ ገባኝ። የሚጣፍጥም የማያወፍርም መኖ የትኛው ነው?»

እህቴ፣ ስሟ ራሱ ከረሜላ የሆነ ፖኒ ጣፋጭ ብትወድ ምን ይደንቃል? የሐኪሙ ነገር ግን የሚያስቅ ስላልሆነ ቁም ነገሩን አስቀድሜ ልንገርሽ። ቶፊ አታማርጥም። ጠግባለች።

የራበው ፈረስ ደረቅ ገለባ ሲያገኝ አሽቶ አያልፍም፣ ይበላል። ቶፊ ባልዲውን የምትደፋው ከሜዳ ስትመጣ ሆዷ ሞልቶ ስለሚመጣ ነው። እኛ ቤት እንግዳ «በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» ሲል እየተግደረደረ መስሎን «በሞቴ» እያልን እናጎርሰዋለን። አንቺም ለቶፊ የምታደርጊው ይህንኑ ነው። እሷ በቃኝ ስትል ሞላሰስ ጨምረሽ በሞቴ ትያታለሽ። ሞላሰስን ደግሞ ማን እምቢ ይላል?

በባለቤትሽ አልፈርድበትም። እኔም ደብረ ዘይት ጎድኑ የሚቆጠር የጋሪ ፈረስ እያየሁ ነው ያደግኩት። እኛ ሰፈር የወፈረ ፈረስ ማለት ጌታው የሚያዝንለት ፈረስ ነበር። እንግሊዝ አገር መጥቼ ፈረስ ቤት ሥራ ስይዝ «ይህቺ ዳይት ላይ ናት» ሲሉኝ የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አለመሆኑን ያወቅሁት አንዲት ፖኒ ከጋጣዋ መውጣት አቅቷት፣ የፊት እግሮቿን ወደፊት ዘርግታ ክብደቷን ወደኋላ ጥላ ስትንቀጠቀጥ ሳይ ነው።

ቶፊ የተራራ ዘር ናት። ቅድመ አያቶቿ ዌልስ ኮረብታ ላይ ሸካራ ሣር እየለቃቀሙ፣ በብርዱ ወራት ከስተው፣ ሣሩ ሲመለስ እያገገሙ የኖሩ ናቸው። ሰውነታቸው እንደ ቆጣቢ ባለቤት ነው፤ የገባውን አያባክንም። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ የሚቆሙት ለወተት ላም ተብሎ በተዘራ ለምለም ሣር ላይ ነው፤ የሚከሱበት ወቅትም የለም። ስብ የበዛባት ፖኒ ስኳርና ስታርች ስትበላ ሰውነቷ ኢንሱሊን ያለልክ ያመነጫል። ኢንሱሊኑ ሲበዛ ሰኮናውን ከውስጥ ካለው አጥንት ጋር የሚያያይዘው ስስ ክፍል ይጎዳል። ላሚናይቲስ የሚሉት ይህ ነው። ጥፍርሽ ከሥጋው እየተላቀቀ በእሱው ላይ ቆመሽ ስትሄጂ አስቢው። ሐኪሙ «እግሯ ይታመማል» ያለሽ ይህንን ነው።

ባለቤትሽ ካላመነ እጁን ይዘሽ ጎድኗ ላይ አስቀምጪለት። አንድ ቀላል ዘዴ አለ። እጅሽን ጨብጪና በሌላኛው እጅ ጣት ጉልጥምትሽን ዳብሺው፤ ጎድኗ እንደዚያ ከሆነ ከስታለች። እጅሽን ዘርግተሽ ጀርባውን ዳብሺው፤ እንደዚያ ከሆነ ልክ ናት። መዳፍሽን ገልብጠሽ ከጣቶችሽ ሥር ያለውን ወፍራም ሥጋ ዳብሺው፤ እንደዚያ ከሆነ ወፍራለች። ከዚያ ጋማዋ ሥር ያለውን ማጅራቷን ይጨብጥ። ጠንካራ ጉብታ ሆኖ ወዲያ ወዲህ አልል ካለ ክርክሩ አለቀ።

አሁን ወደ ዱቄቱ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። «መጀመሪያ ሰሞን ትቀማምስ ነበር» ብለሻል። እምቢታው የመጣው ዱቄቱ ከገባ በኋላ ነው። እንዲህ ያሉት ዱቄቶች ብዙ ጊዜ ማግኒዚየም ይኖርባቸዋል፤ ጣዕሙ ደግሞ አይወደድም። ስብ የሚያቀልጥ ዱቄት የለም፤ ቢኖር ኖሮ እኔና አንቺ ቀድመን እንወስደው ነበር። አስወጪው። ባልዲውንም በደንብ እጠቢው፣ ከተቻለ ለውጪው። ፈረስ ሽታ አይረሳም። አንዴ መጥፎ ነገር የቀመሰበትን ባልዲ ገና ከሩቅ ሲያየው ጆሮውን ወደኋላ ይጥላል።

እግረ መንገድሽን ጥርሷንም አስያት። ድርቆሽ አኝካ አኝካ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ከአፏ የሚወድቅ ከሆነ ነገሩ ማማረጥ ሳይሆን ጥርስ ነው። በዓመት አንዴ ጥርሷ መታየት አለበት። ድርቆሹንም ሣሩንም እምቢ ካለች ደግሞ ይህን ጽሑፍ ተይና ለሐኪሙ ደውዪ፤ ያ ሕመም ነው።

እንግዲህ ባልዲው። ብዙ ሰው ባልዲውን ምሳና እራት አድርጎ ያስበዋል። የወፈረች ፖኒ ምግብ ባልዲ ውስጥ አይደለም ያለው፤ ድርቆሹ ነው። ባልዲው የሚያስፈልገው ቫይታሚንና ማዕድን ለማድረስ ብቻ ነው። ድርቆሽ ስትቀንሺ፣ በተለይ በውሃ ስትነክሪው፣ ማዕድኑም አብሮ ይቀንሳልና እሱን መተካት ግድ ነው። ለዚህ ባላንሰር የሚባል እንክብል አለ፤ ለወፋፍራሞች ተብሎ የተሠራውን ጠይቂ። መጠኑ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ኪሎ ክብደት በቀን 100 ግራም ገደማ ነው። ለቶፊ፣ ልትደርስበት በሚገባት በ250 ኪሎ ሲሰላ፣ 250 ግራም ማለት ነው። አንድ ትልቅ ኩባያ ቢሞላ ነው። «ይህቺን ብቻ?» ትያለሽ። አዎ፣ ይህቺን ብቻ። ብዙ ፖኒዎች ያለምንም ቅልቅል ከእጅ ላይ ይበሉታል፤ ልጅሽ በእጇ ትሞክራት።

አልበላ ካለች አንድ ጭብጥ የተከተፈ ድርቆሽ ጨምሪበት። የገዛሽውን ከረጢት ገልብጠሽ ጀርባውን አንብቢ። «ላይት» የሚል ጽሑፍ አያታልልሽ። ስኳሩና ስታርቹ ተደምረው ከ10 በመቶ በታች ቢሆኑ ይመረጣል። ከዝርዝሩ ውስጥ ሞላሰስ ካለ መልሺው። ላሚናይቲስ ለሚያሰጋቸው ፈረሶች ይሆናል የሚል ማጽደቂያ ምልክት ያለበትን ብታገኚ ደግሞ ምርጫሽ ይቀላል። ሌላው ጥሩ ነገር ሞላሰስ ያልተጨመረበት የሹገር ቢት፣ ማለትም ስኳር የሚወጣበት ሥር፣ ተረፈ ምርት ነው። ስሙ ስኳር ቢሆንም ስኳሩ ተጨምቆ ወጥቶ የቀረ ገለፈት ነው። አንድ እፍኙን ከረጢቱ ላይ ለተጻፈው ሰዓት ያህል በውሃ ትነክሪዋለሽ፣ አብጦ ገንፎ ይመስላል። ሳይነከር እንዳትሰጫት፤ ጉሮሮዋ ላይ ያብጣል። ያ እርጥብ ነገር እንክብሉንም ድርቆሹንም አያይዞ ይይዛል፤ እየመረጠች ጥላ ልትሄድ አትችልም።

ጣዕሙ ላይ ደግሞ መልሱ ያለው አንቺው ኩሽና ውስጥ ነው፤ ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ሙከራ ፈረሶች የትኛውን ጣዕም እንደሚወዱ አወዳድሮ ነበር። ሙዝና ቼሪ ሳይቀሩ ቀርበው አንደኛ የወጣው ምን ይመስልሻል? አብሽ! ከወደዷቸው ስምንት ጣዕሞች ውስጥ ሮዝሜሪ፣ ማለትም የጥብስ ቅጠል፣ ከሙን፣ ካሮት፣ ናናና ኦሬጋኖም ነበሩበት። እናትሽ ከአዲስ አበባ ሲመጡ አብሽ ሳይዙ አልመጡም መቼም። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ አብሽ በለብ ያለ ውሃ በጥብጠሽ ባልዲው ላይ አፍሺው። ወይ ያለ ስኳር የፈላ የናና ሻይ አቀዝቅዘሽ ድርቆሹን አርሺበት። በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትጨምሪ፤ የትኛውን እንደወደደች አታውቂም። አንዱን ለ4 ወይም ለ5 ቀን ሞክሪ። ከሙን አልኩ እንጂ ጓዳሽን ገልብጪው አላልኩም። በርበሬና ሽንኩርት አይነካም፤ ሽንኩርትማ ለፈረስ መርዝ ነው።

ማንኛውንም አዲስ ነገር በማንኪያ ጀምሪ። ፈረስ ማስታወክ አይችልም። የማያውቀውን ምግብ የሚጠራጠረው ለዚያ ይመስለኛል፤ አልፈርድበትም። ዛሬ አንድ ማንኪያ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሁለት፣ እንዲህ እያልሽ በ10 ወይም በ14 ቀን ሙሉ መጠኑ ላይ ድረሺ። ሞላሰሱንም በአንድ ቀን አታቋርጪው፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀንሺ። ፖሙን በቀጭን የካሮት ቁራጭ ተኪው፤ እንዳያንቃት በቁመቱ ቁረጪው እንጂ ክብ ክብ አታድርጊው። እምቢ ካለች ባልዲውን ከ20 ደቂቃ በኋላ አንሺና ሂጂ። «በሞቴ» የለም። አንድ ቀን ባላንሰር ባትበላ ምንም አትሆንም።

ዋናው ድርቆሹ ነው ብያለሁ፤ እዚህ ላይ ጊዜ ብወስድ አትከፊብኝ። ፖኒ ስትቀጥን የሚሰጣት የመኖ መጠን ደረቅ ክብደቱ ቢያንስ ከሰውነቷ ክብደት 1.5 በመቶ ይሁን ይባላል። ለቶፊ 4.35 ኪሎ ነው። ድርቆሽ ውስጥ ትንሽ እርጥበት ስለሚኖር ስትመዝኚው ወደ 5 ኪሎ ይመጣል። ይህ ግጦሽ ከሌለ ነው፤ ከጋጠች ይቀነሳል። በዓይን አትገምቺ። የሻንጣ መመዘኛ ሚዛን እንዳለሽ እርግጠኛ ነኝ፤ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ አለው። ድርቆሹን የድርቆሽ መረብ ውስጥ ከተሽ አንጠልጥይበት።

ከዚያ ንከሪው። ድርቆሹን ከነመረቡ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉ በሙሉ ድፈቂው። ከሰዓታት በኋላ ስታወጪው ውሃው የጠነከረ ሻይ መስሎ ታገኚዋለሽ። ከዚያ ቡናማ ቀለም ጋር የድርቆሹ ስኳርም ወጥቷል። ውሃውን ቶፊ በማትደርስበት ድፊው፣ ድርቆሹን አለቅልቀሽ ስጫት። በብርድ ጊዜ ማታ ነክረሽ ጠዋት ልታወጪ ትችያለሽ፤ በሙቀት ጊዜ ግን ስለሚጎመዝዝ ከአንድ ሁለት ሰዓት አታሳልፊ። ስትመዝኚ ሳይነከር መዝኚ። ሲነከር ደረቅ ክብደቱም ገንቢነቱም ስለሚቀንስ ሐኪሙ ትንሽ ጨምሪ ሊልሽ ይችላል፤ እሱን ስሚ። መረቡ ቀዳዳው ትንንሽ ይሁን። 5 ኪሎውን በሁለት ሰዓት ጨርሳ ሌሊቱን ባዶ መረብ እያየች እንዳታድር ሦስት አራት ቦታ ከፋፍለሽ ስቀዪላት።

ንጹሕ የአጃ ወይም የገብስ ገለባ ካገኘሽ ከድርቆሹ እስከ አንድ ሦስተኛ ድረስ ልትተኪበት ትችያለሽ። ካሎሪው ትንሽ ነው፣ አፏን ግን ሥራ አያስፈታውም። ጥርሷ ደህና መሆን አለበት፣ ውሃም እንደልብ መኖር አለበት፤ አለዚያ ሆዷ ይደርቃል።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አሜሪካና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለፈረስ የሚሸጥ የጤፍ ድርቆሽ አለ። አዎ፣ የእኛው ጤፍ! አገር ቤት ጭዱን ከጭቃ ጋር አቡክተን ግድግዳ የምንመርግበት። እዚያ ለሣሩ ብለው ይዘሩታል፤ ስኳሩ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ስለሆነ ለወፈሩና ላሚናይቲስ ለሚያሰጋቸው ፈረሶች ይፈልጉታል። ፈረሶቹ ግን እንደ አልፋልፋ አይሻሙበትም። ለቶፊ የምመኘውም እንዲህ ያለውን ነው፤ የማይራቡበት፣ ግን የማይስገበገቡበት ምግብ። አንቺ ጋ ብታገኚው ስኳሩ ተለክቶ እንደሆነ ጠይቂ፤ የአንዱ እርሻ ከሌላው ይለያል።

አሁን ደግሞ የምፈራውን ልንገርሽ። ይህን ሁሉ አንብቦ «እንግዲያው ዝም ብዬ ላስርባት» የሚል ሰው አይጠፋም። በሠራሁበት አንድ ፈረስ ቤት እንዲህ ተደርጓል። አንዲት የሼትላንድ ፖኒ ወፈረች ተብላ ባዶ ጋጣ ውስጥ ውሃ ብቻ ተሰጥቷት ከሁለት ቀን በላይ ቆየች። እኔም አዲስ ነበርኩና ዝም አልኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። በሦስተኛው ቀን አንገቷን ደፍታ ድርቆሽ ቢሰጣትም እምቢ አለች። ሐኪም መጥቶ ደም ቀዳ። ብልቃጡን ትንሽ አቁሞ አሳየን፤ ቀዩ ወደታች ሲወርድ ላዩ ወተት መሰለ። ስብ ነው። ፖኒ ድንገት ስትራብ ሰውነቷ የተከማቸውን ስብ በአንዴ ደም ውስጥ ይለቀዋል፤ ጉበቷ አይችለውም። ይህ ገዳይ ነው፣ በብዛት የሚይዘውም እንደ ቶፊ ያሉትን ወፍራሞች ነው። ስለዚህ ከ1.5 በመቶ በታች መውረድ ሐኪሙ ካላዘዘ በቀር የለም።

ሣሩ ላይ አላረዝምም። «ግማሽ ቀን ብቻ ነው የምለቃት» እንዳትዪኝ። ጊዜዋ አጭር መሆኑን የለመደች ፖኒ በ3 ሰዓት ውስጥ የቀኗን ምግብ 40 በመቶ ያህል ልትግጥ ትችላለች። እንደ ቅርጫት አፏ ላይ የሚታሰር፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው የግጦሽ መቀነሻ አለ፤ እስከ 80 በመቶ ይቀንሳል። ልጅሽ ስታየው ታለቅስ ይሆናል፤ ጭካኔ ይመስላል። ቶፊ በጥቂት ቀን ትለምደዋለች፣ ውሃም ትጠጣበታለች። ሌሊቱን አታቆዪባት። ውርጭ ጥሎ ፀሐይ በወጣበት ጠዋት ደግሞ ጭራሽ አትልቀቂያት፤ ያን ጊዜ ሣሩ ውስጥ ስኳር ይጠራቀማል። ብርድ ልብሱንም አውልቂላት። የተራራ ፖኒ የራሷ ካፖርት አላት፤ ብርዱን ስትመክት ስቧን ታቃጥላለች።

በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከፊት እግሯ ጀርባ ደረቷን ዙሪያውን በሜትር ለኪና ደብተር ላይ ጻፊ። ሜትሩ የሚሰጥሽ ኪሎ ልክ ላይሆን ይችላል፤ አካሄዱን ግን ያሳይሻል። በሳምንት ሁለት ኪሎ ገደማ ብትቀንስ ጥሩ ነው። 40 ኪሎው 5 ወር ቢወስድ አትደንግጪ። እግሯን ከጎተተች፣ ስትዞር ከተንገዳገደች ወይም ሰኮናዋ ከጋለ ግን ቀን አትጠብቂ፣ ሐኪም ጥሪ።

እናትሽን ረስቼ አይደለም። እሳቸውን ማሳመን ከቶፊ የሚከብድ ይመስለኛል። «ዳቦ አትስጫት» ብትያቸው ጓሮ ለጓሮ ይዘውላት ይሄዳሉ። በመከልከል ፋንታ ሥራ ስጫቸው። ጠዋት ጠዋት መረቡን የሚሞሉት፣ አብሹን የሚበጠብጡት እሳቸው ይሁኑ። የሚሰጡት ነገር ካላቸው ባዶ እጄን ሄድኩ አይሉም። ሚዛኑን ግን አንቺው ያዢ፤ እናቶች 5 ኪሎ ሲሉ ሁልጊዜ ምራቂ አለበት።